ጭሱ በየት ይውጣ? ለማድ ቤትና ለሳሎን ምድጃ የጭስ ማውጫ አመራረጥና አተካከል

ሱሉልታ ቤት ስሠራ ሁሉም ስለ ውሃና ስለ መንገድ መከረኝ እንጂ ብርዱን ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ጠዋት በር ስትከፍቱ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይጠብቃችኋል። መብራት የሄደ ለታ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዱም ማሞቂያውም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ እኔም እንደ ጎረቤቶቼ ወደ እንጨት ተመለስኩ። ማድ ቤት “ምርጥ” የሚባለው የእንጀራ ምድጃ፣ ሳሎን ደግሞ የብረት ምድጃ።

እንጨቱ አልቸገረኝም። የቸገረኝ ጭሱ ነው።

የማድ ቤቱን ጭስ ማውጫ የሠራልኝ ባለሙያ “ጋሼ፣ ጣሪያ ከበሳን ክረምት ላይ ያፈስብዎታል። በግድግዳ አውጥተን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር እንተወው” አለኝ። ደስ አለኝ። አዲሱ ቆርቆሮዬ ሳይነካ! ቱቦው ከምድጃው ኋላ ተነሳ፣ ታጠፈ፣ በምጣዱ አናት ላይ ተጋድሞ ግድግዳውን በስቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ተነሳና ጭሱ በሄደበት ተመለሰ። ቤተሰቡ ሁሉ እንባ በእንባ ሆነ። ይህንንም ቻልነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ባለቤቴ አክንባሎውን ስታነሳ ከመገጣጠሚያው ቡናማ ጠብታ ጠብ አለና እንጀራው መሀል ላይ አረፈ። ቅጥራን ቅጥራን የሚል ሽታ አለው። ያንን እንጀራ ውሻችን እንኳ አሽትታ ትታው ሄደች።

ቱቦውን አፍርሼ እንደገና ተከልኩት። ከዚያ ወዲህ የሳሎኑንም የሁለት ጎረቤቶቼንም ስንተክል አብሬ ነበርኩ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ የተማርኩትን ነው። ከወዲሁ አቋሜን ልናገር፦ ለእኛ ዓይነት ቤት ከሁሉ የሚሻለው ቀጥ ብሎ በጣሪያ የሚወጣ ቱቦ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ይደፈናል። የማይስብ ቱቦ ግን ምንም ብትቀቡት አይስብም።

ቱቦው የሚሠራው ሥራ

ጭስ ማውጫ ጭሱን ወደ ውጭ አይገፋም። ይስባል። ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ በለቀቀው ቦታ ከቤት ውስጥ አዲስ አየር በምድጃው አፍ ይገባል። እሳቱ የሚነደው በዚያ አየር ነው። ስበቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፤ ቱቦው ውስጥ ካለው ሙቀት፣ ከቁመቱና ከቀጥታነቱ። የእኔው የመጀመሪያ ቱቦ ሦስቱንም አጥቶ ነበር። የተጋደመ፣ አጭር፣ ግማሹ ደግሞ ውጭ ብርድ ላይ።

እዚህ ላይ የከፍታችን ነገር ይመጣል። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ስበቱም ይደክማል። ከውጭ የመጣ ምድጃ ከገዛችሁና መመሪያው “4 ሜትር ቱቦ” የሚል ከሆነ 5 ሜትር አድርጉት። የፋብሪካው ሰዎች ይህንን የጻፉት ሱሉልታን አይተው አይደለም።

አማራጮቹ

መጀመሪያ ምድጃችሁን እወቁ። ሦስት ጉልቻ ላይ ቱቦ አይተከልም፤ እሳቱ አራቱም ጎኑ ክፍት ስለሆነ ቱቦው የሚስበው ጭሱን ሳይሆን የቤቱን አየር ነው። ከላዩ እንደ ጃንጥላ ሰፊ ቆርቆሮ ዘርግተው ቱቦ የሚያወጡ አሉ። ከምንም ይሻላል፤ ገንዘቡ ካለ ግን ዝግ ምድጃ ግዙበት። ከሲሚንቶና ከፑሚስ (ብሎኬት ከሚሠራበት ቀላል ድንጋይ) ወይም ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭሱ የሚወጣውም ከኋላው በአንድ ቀዳዳ ስለሆነ ቱቦ ለመቀበል የተመቸ ነው።

ምድጃው ከታወቀ መንገዱ አራት ነው።

አንዱ ነጠላ የላሜራ ቱቦ ነው። ርካሽ ነው፤ የሰፈር በያጅ ይሠራዋል። ቤት ውስጥ በግልጽ ለሚታየው የቱቦው ክፍል ጥሩ ነው፤ ራሱ ቱቦው ቤት ያሞቃል። ኮርኒስና ጣሪያ ውስጥ ግን እርቃኑን እንዳታሳልፉት። ነጠላ ቱቦ እንጨት ካለበት ነገር ሁሉ 45 ሳ.ሜ. መራቅ አለበት።

ሁለተኛው ድርብ ቱቦ ነው፤ ቱቦ በቱቦ ውስጥ፣ መሀላቸው ሙቀት የማያሳልፍ ነገር። የፋብሪካው ውድ ነው። እኔ በእጅ አሠርቻለሁ፦ ውስጡ ባለ 15 ሳ.ሜ.፣ ውጩ ባለ 25 ሳ.ሜ.፣ መሀሉ ለብሎኬት የሚሆነው ደቃቅ ፑሚስ ተሞልቶበት። ክብደት አለው። ከኮርኒሱ ጀምሮ እስከ ጫፍ እንዲህ ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው። እንጨቱ ከእሳት ይድናል፤ ጭሱም ሳይቀዘቅዝ ስለሚወጣ ቅጥራን አያጠራቅምም።

ሦስተኛው በግድግዳ አውጥቶ ውጭ ወደ ላይ መውሰድ ነው። ፎቅ ቤት ከሆነና በላይ ማለፊያ ከሌለ ሌላ ምርጫ የለም። ያኔም ቢሆን የተጋደመው ክፍል ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ በሜትር 2 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ላይ ያዘንብል። ውጭ ያለው ቁም ቱቦ ድርብ ይሁን፣ ከሥሩም ለመጥረጊያ የሚከፈት ክዳን ይኑረው። እባካችሁ ክፈፍ ሥር አትተዉት። በጣሪያው በላይ ካላለፈ ጭስ ማውጫ አይባልም።

አራተኛው የግንብ ጭስ ማውጫ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ክፍት እሳት የሚፈልጉ ሰዎች የሚሠሩት። ያምራል። እንግዳ ሲመጣ ያኮራል። ሙቀቱ ግን አብዛኛው በጭስ ማውጫው ነው የሚሄደው፤ ፊታችሁ እየተጠበሰ ጀርባችሁ ይበርደዋል። ከሠራችሁት የራሱ መሠረት ይኑረው፤ ከቤቱ ወለል ጋር ብቻ አታስቀምጡት። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት አትገንቡት፤ በድፍን የሸክላ ጡብ ይሁን፣ ውስጡም የሸክላ ወይም የብረት ቱቦ ሽፋን ይግባበት። መጠኑን ለማወቅ የእሳቱን አፍ ስፋት አስሉና ለ10 አካፍሉ። አፉ 80 በ70 ሳ.ሜ. ከሆነ 5,600 ካሬ ሳ.ሜ. ነው፤ የጭስ ማውጫው ውስጥ 560 ካሬ፣ ማለት 24 በ24 ሳ.ሜ. ግድም ይሆናል። ግንቡ ሳይደርቅ ትልቅ እሳት አታንድዱ። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሱ፣ ከዚያም በትንሽ በትንሹ ጀምሩ።

አማራጭ ያልሆኑም አሉ። የፍሳሽ የፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳ ላይ ለጭስ የተተከለ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቀልጣል፣ ይነዳል፣ የሚያወጣውም ጭስ መርዝ ነው። ከፈረሰ ቤት የተገኘ የአስቤስቶስ ቱቦም እንዲሁ፤ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ወደ ሥራው

መጀመሪያ ቦታውን ከላይ ወደ ታች ፈልጉ። ብዙ ሰው ምድጃውን ካስቀመጠ በኋላ ነው ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚያየው። እናንተ ኮርኒሱ ላይ ውጡና የጣሪያው እንጨቶች፣ ወራጆቹና ሞራሌዎቹ፣ የት እንዳሉ እዩ። በሁለት ወራጅ መሀል ሰፊ ቦታ ስታገኙ ኮርኒሱን በምስማር ብሱና ቱንቢ ወደ ታች ልቀቁ። ቱንቢው ያረፈበት የምድጃው ቦታ ነው። ምድጃ መግፋት ቀላል ነው፤ ወራጅ መቁረጥ ግን ጣሪያ ማድከም ነው። ቦታው በተቻለ መጠን ወደ ጣሪያው ጫፍ፣ ወደ ከፍተኛው ክፍል ይጠጋ።

የቱቦውን ስፋት ምድጃው ይወስነዋል። የምድጃው ቀዳዳ 15 ሳ.ሜ. ከሆነ ቱቦውም እስከ ጫፍ ድረስ 15 ነው። “ባለ 10 ቱቦ ተርፎኛል፣ በእሱ እንጨርሰው” የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ አሰናብቱት። ለምርጥ ምድጃ ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ. ይበቃል።

ከዚያ ላሜራ ግዙ። 1 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይሁን። ዚንክ የተቀባው ያብለጨልጫል፣ ያጓጓል፤ ነገር ግን እሳቱ አጠገብ ሲግል ዚንኩ ይላላጣል፣ ክፉ ጭስም ያወጣል። እሱን ለውጩ ሽፋን፣ ለቆቡና ጣሪያው ላይ ለሚያርፈው ቀሚስ አስቀምጡት። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ባለ 15 ቱቦ ዙሪያው 47 ሳ.ሜ. ነው፣ ለመገጣጠሚያው 3 ጨምሩበት፣ 50 ይሆናል። ስለዚህ 1 በ2 ሜትር የሆነ አንድ ላሜራ በትክክል አራት ባለ አንድ ሜትር ቱቦ ይወጣዋል። አንዱ በሌላው ውስጥ 5 ሳ.ሜ. ሲገባ 3.85 ሜትር ታገኛላችሁ። ይህንን አውቃችሁ ስትሄዱ “ሦስት ላሜራ ያስፈልጋል” የሚላችሁ የለም።

አሁን ያ የእንጀራው ጠብታ ወደ መጣበት ጉዳይ እንመለስ። ቱቦ ሲገጣጠም የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ቱቦ ውስጥ ይግባ እንጂ የታችኛው ወደ ላይኛው አይግባ። በደመ ነፍስ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጭሱ ወደ ላይ ስለሚሄድ በመገጣጠሚያው እንዳያመልጥ ብለን። ግን ቱቦው በደንብ ከሳበ ጭስ በመገጣጠሚያ አይወጣም፤ እንዲያውም የቤት አየር ነው የሚገባው። የሚወርደው ቅጥራን ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። የላይኛው በታችኛው ውስጥ ከገባ ጠብታው በውስጠኛው ግድግዳ ተንሸራቶ እሳቱ ላይ ይወርዳል፣ እዚያው ይቃጠላል። የእኔው በተቃራኒው ስለተገጠመ በመገጣጠሚያው አመለጠና እንጀራዬ ላይ አረፈ። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሦስት ብሎን እሰሩት። ከጣሪያ በላይ ያለው ግን ዝናብ ስላለ መገጣጠሚያ ባይኖረው ይመረጣል፤ አንድ ወጥ ይሁን ወይም ዙሪያውን ይበየድ።

ቱቦውና ምድጃው የሚገናኙበትን ቦታ በሲሚንቶ አትድፈኑት። ሲሞቅ ይሰነጠቃል። የሸክላ አፈርና የተነፋ አመድ በውሃ ለውሳችሁ ድፈኑበት። ሲሰነጠቅ በጣት ጨምቆ መጠገን ነው።

ኮርኒሱን ስትቀዱ አትሳሱ። ሰፈራችን ውስጥ ኮርኒሱ ወይ ቺፑድ ነው ወይ የተወጠረ አቡጀዲ፤ ሁለቱም የሚነዱ ናቸው። በእጅ የተሠራ ድርብ ቱቦ ከሆነ በዙሪያው 20 ሳ.ሜ. ክፍት ተዉ። የፋብሪካው በ5 ሳ.ሜ. ሊበቃው ይችላል፤ የእኛ ግን ማንም አልፈተነውም። ክፍቱን ቦታ በቆርቆሮ ሸፍኑት እንጂ ጆንያም ጨርቅም አትወትፉበት። የቱቦውን ክብደት ምድጃው ብቻ እንዳይሸከመው በብረት ማሰሪያ ወራጁ ላይ አንጠልጥሉት።

በግድግዳ የምታሳልፉ ከሆነ የጭቃ ቤት ያታልላችኋል። ከውጭ አፈር ነው፣ ውስጡ ግን የባህር ዛፍ ማገር ነው። እንጨቱ ለዓመታት በሙቀት ይደርቅና አንድ ቀን ውስጥ ለውስጥ ይያያዛል። ቱቦው በሚያልፍበት ዙሪያ በሁሉም ጎን 30 ሳ.ሜ. ያህል እንጨቱን አውጡና በጡብ ሙሉት።

የጣሪያው ቀዳዳ ላይ ቀን ቆርጣችሁ ሥሩ፤ ክረምት ሳይገባ። ቆርቆሮውን ከውስጥ በምስማር ብሱና ከላይ ምልክቱን ተከትላችሁ በቆርቆሮ መቀስ ቅደዱ። ከዚያ ቱቦው የሚያልፍበት ከዝርግ ቆርቆሮ የተሠራ ቀሚስ ይለብሳል። ሁሉም የሚያፈስ ጭስ ማውጫ የሚያፈሰው በዚህ ቀሚስ ምክንያት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ የቀሚሱ የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይረፍ። ውሃ ከላይ ሲወርድ ምንም ስንጥቅ አያገኝም። ቀሚሱን ከላይ ለጥፎ ሲሊኮን የሚቀባ ሰው የሠራው ሐምሌ ላይ ያፈሳል፤ ፀሐይና ሙቀት ሲሊኮኑን ያላቅቁታል። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ሸንተረር አናት ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ አይደለም። ቀሚሱ ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ላይ እንደ አንገትጌ የሆነ ሌላ ቁራጭ ቱቦው ላይ እሰሩና ሙቀት የሚችል ሲሊኮን እዚያ ብቻ ተጠቀሙ።

ከጣሪያ በላይ ምን ያህል ይውጣ? ቱቦው ጣሪያውን ከበሳበት ቢያንስ 90 ሳ.ሜ.፣ ደግሞም በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር፣ የጣሪያው ጫፍም ቢሆን፣ 60 ሳ.ሜ. ይብለጥ። የጎረቤት ፎቅ ቤት ወይም ትልቅ ባህር ዛፍ አጠገባችሁ ካለ ነፋሱ ከላይ ወደ ታች ይጫናል፣ ስለዚህ ጨምሩ። ከ1.5 ሜትር በላይ ከወጣ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ይወጠር።

ጫፉ ላይ ቆብ አድርጉ፤ በቆቡና በቱቦው አፍ መሀል ግን አንድ ቱቦ ስፋት ያህል፣ 15 ሳ.ሜ. ተዉ። የተጠጋ ቆብ ጉሮሮ ማነቅ ነው። በዙሪያው ወንፊት ሽቦ ብትጠቀልሉበት ፍንጣሪ ይይዛል። ይህንን እንደ ቅንጦት አትዩት። በእኛ አካባቢ ከጥቅምት ጀምሮ በየግቢው የሣር ክምር አለ፤ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ደግሞ ሲነድ ፍንጣሪው ብዙ ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ ግን የጣት ስፋት ያህል ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ በጥላሸት ይደፈናል።

የመጀመሪያው እሳት

ከማንደዳችሁ በፊት ሰንደል ለኩሱና የምድጃው አፍ ላይ ያዙት። ጭሱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ቱቦው ይስባል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ እናንተ ከመጣ ቱቦው ቀዝቅዟል፤ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቱቦው ሥር አንድዱና አሙቁት። በብርድ ጠዋት እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምጀምረው። ይህን ፈተና ግን ህዳር 12 ቀን አታድርጉት። ህዳር ሲታጠን የመንደሩ ሁሉ ጭስ ቤታችሁ ስለሚገባ ጥፋቱ የቱቦው ይሁን የጎረቤት አታውቁም።

መጀመሪያ ላይ ላሜራው ዘይት ስላለው ይሸታል። መስኮት ከፍታችሁ ለአንድ ሰዓት በትንሽ እሳት አሙቁት፣ ያልፋል። ከዚያ ኮርኒሱ ላይ ውጡና በቱቦው አካባቢ ያለውን እንጨት በእጃችሁ ዳብሱት። እጅ ካቃጠለ ክፍተቱ አይበቃም ማለት ነው፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ጭሱ ከተመለሰ ወዲያውኑ ቱቦውን አትውቀሱ። መጀመሪያ በርና መስኮቱን እዩ። ብርድ ፈርተን ቤቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፈን ቱቦው ከየት አምጥቶ ይሳብ? ከምድጃው አጠገብ ከግድግዳው ሥር የእጅ መዳፍ የሚያህል የአየር ቀዳዳ ክፈቱለት። ይህ የጭስ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እሳት አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። በተለይ ከሰል ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል። ጭስ ማውጫ ተክላችሁም ቢሆን የከሰል ማንደጃ መኝታ ክፍል አታስገቡ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ካገኛችሁ ግዙ።

ጥረጋ

እርጥብ ባህር ዛፍ የሚያነድ ሰው ቱቦው ቶሎ ይደፈናል። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ተደርድሮ ቢያንስ ስድስት ወር ይድረቅ። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ “ቀው” የሚል ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፤ “ዱብ” ካለ ገና ነው።

ቱቦውን በዓመት ሁለት ጊዜ ጥረጉ። እኔ አንዱን መስከረም ላይ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ ሌላውን የካቲት ላይ አደርገዋለሁ። የሽቦ ብሩሽ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ አስሬ ከላይ ወደ ታች ነው የምገፋው። የምድጃውን አፍ ቀድማችሁ በእርጥብ ጨርቅ ዝጉት፤ አለበለዚያ ሳሎኑን ነው የምትጠርጉት። ጥላሸቱ ደቃቅ ዱቄት ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅርፊት ካገኛችሁ ግን እሱ ነዳጅ ነው። ከተያያዘ ቱቦው እንደ ጄት ይጮኻል፣ ውስጡ ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ የምድጃውን አየር ሁሉ ዝጉ፣ ሰዉን አስወጡ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። በጋለ ቱቦ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ፤ በእንፋሎት ኃይል ይሰነጠቃል። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ኮርኒሱን እየደጋገማችሁ ፈትሹ፤ ጣሪያ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ከሰዓታት በኋላም ይነሳል።